ሾርባ ሠሪዋ ትሞታለች?

ሰኞ ጠዋት የፊደል ትምህርት የሚጀመረው የሞተውንና የሚሞተውን በመቁጠር ነበር።

ከሶል ርቃ በምትገኘው በየሳን፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ሴቶች ማንበብና መጻፍ ይማራሉ። ታናሿ ስልሳ አራት፣ ታላቋ ሰማንያ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በልጅነታቸው ወንድሞቻቸው ደብተር ይዘው ሲወጡ እነሱ ሕፃን አዝለው ቤት የቀሩ ናቸው። አሁን ልጆቻቸውን ድረው፣ ባሎቻቸውን ቀብረው፣ እርሳስ ይቀርጻሉ። መምህርት ኦም መጀመሪያ ላይ «ወንዝ»፣ «ዛፍ»፣ «ላም» እያለች ስታስጽፋቸው ያዛጉ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ስለ ቅዳሜው ድራማ ሲከራከሩ ሰማቻቸውና የድራማውን ሰዎች ስም ሰሌዳ ላይ ጻፈችላቸው። ከዚያ ወዲህ ያዛጋ የለም።

ድራማው «ከአመዱ በኋላ» ይባላል። መቶ ቀን ሙሉ ከሰማይ አመድ ዘንቦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከተሞች ባዶ ቀርተው፣ አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ የባቡር ዋሻ ውስጥ ተጠልለዋል። በየጊዜው ከመካከላቸው ሰው ይሞታል። እስካሁን አሥራ አንድ ክፍል ታይቶ ሰባት ሰው አልቋል። የቀሩት አምስት ክፍልና አምስት ሰው ናቸው።

የአሥራ ሁለቱ ስም ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ትልቅ ወረቀት በጥቁር ተጽፏል። የሞተው ስም ላይ በቀይ ይደገምበታል። የሰው ስም በቀይ የሚጻፈው ለሟች ብቻ ስለሆነ ቀዩ እስክሪብቶ እንደ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ አይጣልም፤ ፒልንዮ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። ፒልንዮ በከተማው የለቅሶ አዳራሽ ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ለለቀስተኛ ሾርባ የቀዳች ሴት ናት። ከሰባቱ ሟቾች አምስቱን አስቀድማ ተናግራለች። የቀሩትን ሁለቱን ደራሲው ነው የተሳሳተው ትላለች።

«የፊታችን ሳምንት ሾርባ ሠሪዋ ናት» አለች ጓንቷን ሳታወልቅ። «አልቆላታል።»

«ደግሞ ምን አደረገች ምስኪኗ?» አሉ ሰማንያ አንድ ዓመቷ እትዬ ቦንግኒም።

«እናቷን አነሳች። አልሰሙም እንዴ እትዬ? ‹አመዱ ሲጠራ እናቴን ላያት እሄዳለሁ› አለች እኮ። በዚያ ዋሻ ውስጥ እናቱን አንስቶ ሁለት ሳምንት የቆየ ሰው ያሳዩኝ። አናጢው እናቱን አነሳ፣ ሞተ። መነኩሴው እናቱን አነሳ፣ ሞተ።»

«መነኩሴው ያነሳው ላሙን ነው።»

«የእናቱን ላም ነው። ሁለተኛ፣ ሣቀች። አሥር ክፍል ሙሉ ጥርሷ አልታየም፣ አሁን ምን አስገለፈጣት? ሦስተኛ፣ ቁጭ ብላ ስትበላ አሳዩን። ሾርባ ሠሪ ቁጭ ብላ ከበላች እየሸኟት ነው።»

«አትሞትም» አለች ኦክቡን።

ሁሉም ዞሩ። ኦክቡን በክፍሉ ውስጥ ስትጠየቅ እንኳ ቀስ ብላ የምትመልስ ሴት ናት።

«የቢዮንግቾል እናት፣ ለምንድን ነው የማትሞተው?» አለቻት ፒልንዮ።

«እሷ ከሞተች ማን ያበስልላቸዋል?»

«ነርሷን ሲገድሉ ማን ያክማቸዋል ብለው አሰቡላቸው?»

«ሐኪሙ አለ።»

«ድስቱም አለ» አለች ፒልንዮ። ሴቶቹ ሣቁ። ኦክቡንም ከሰው ላለመለየት ትንሽ ሣቀችና እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች፤ እርሳሱ ግን የተቀረጸ ነበር።

በየሳን አንዲት እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ስም ነው። ኦክቡን ሃያ ዓመት ከኖረችበት ሰፈር ጀምሮ እስከዚህ ክፍል ድረስ የቢዮንግቾል እናት ናት፤ ከቢዮንግቾል በታች ያለችውን ልጅ ስም የሚያውቅ አልነበረም። ያቺ ልጅ ሄዎን ትባላለች። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በዋሻው ውስጥ ድስት ታቅፋ የምትዞረው ሾርባ ሠሪ እሷ ናት።

ኦክቡን ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከአምስት ዓመት በፊት አንዴ ተናግራ ታውቃለች። ያን ጊዜ ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ትወጣለች ብላ፣ የሩዝ ኬክ አስደቅታ፣ ጎረቤት ሰብስባ ነበር። የታየው የሄዎን ጀርባና አንድ ትሪ ነው፤ እሱም ምራቅ እስኪዋጥ ነው የቆየው። ጎረቤቶቹ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው ብለው አመስግነው፣ ኬካቸውን በልተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ኦክቡን አፏን ዘጋች። በዚያ ላይ ሄዎን በዚህ ድራማ ማን እንደሚሞት ለእናቷም ቢሆን ላትናገር ፈርማለች።

ኦክቡንን እንቅልፍ የነሣት ነገር ግን ሌላ ነበር። ሄዎን አሥራ አራት ዓመት ሶል ውስጥ መንገደኛ፣ አስተናጋጅ፣ አንሶላ የተሸፈነ ሬሳ ሆና ስትሠራ ኖራ፣ ስም ያለው ሰው ሆና ስትታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በመከር በዓል ወንድሟን «ከዚህ ሌላ ሥራ ካልመጣልኝ ከአዲሱ ዓመት በኋላ ሴራሚክ ሱቅህ እገባለሁ» ብላዋለች። ድሮ ቢሆን ኦክቡን ደስ ይላት ነበር፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ተይውና ግቢ» እያለች የጨቀጨቀችው እሷው ናት። ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። በጥቅምት፣ የዕለቱ ክፍል አልቆ የሠሪዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ሽቅብ ሲሮጥ፣ ኦክቡን በአገሯ ጽሕፈት ሦስት ፊደል ብቻ የሆነውን የልጇን ሙሉ ስም ያዘች፤ ፕዮ ሄዎን። በዕድሜዋ ሙሉ ማንም ሳያነብላት ያነበበችው የመጀመሪያ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ልጄ ሴራሚክ ትሽጥ ማለት አልቻለችም። አልቻለችም እንጂ መለወጧንም ለልጇ አልነገረቻትም።

ሾርባ ሠሪዋ በሦስተኛው ክፍል እንድትሞት ነበር የታሰበው። ደራሲው ጽሑፉን የሚልከው በሚቀረጽበት ቀን ጠዋት ነው፤ ተመልካቾች በቴሌቪዥን ጣቢያው የኢንተርኔት ገጽ ላይ «ያቺን ድስት የያዘችውን አትንኩብን» እያሉ ሲጽፉ ሳትሞት ቀረች። ስለዚህ ኦክቡን የሰው ወሬ እንደሚያኖርና እንደሚገድል ታምናለች። እዚህ ክፍል የሚባለው ሌላም ቦታ ይባላል ብላ ነው በፒልንዮ ፊት እርሳስ እየቀረጸች የተከራከረችው።

ረቡዕ ዕለት ሄዎን ሳትደውል መጣች።

በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ ኮትሽን ልበሺ፣ እንብላ» አለቻት።

«ቤት ውስጥ የጎመን ኪምቺ አለ፣ ሩዙም…»

«ኪምቺው ነገም አለ። ነይ።»

የበሬ ሥጋ አበላቻት። ኦክቡን የበሬ ሥጋ በዓመት አንዴ ብትበላ ነው፤ እሱንም በሾርባ ውስጥ ትፈልገዋለች። ሄዎን እየጠበሰች፣ እየቆረጠች፣ እናቷ ሳህን ላይ ትከምራለች። ስትጨርስ ደግሞ ሥጋ አዘዘች። ከነጭ ፖስታ ውስጥ አውጥታ ከፈለች። ከዚያ ወፍጮ ቤት ሄደው ለፊደል ክፍሉ የሩዝ ኬክ አዘዘች፤ ሐሙስ ጠዋት ትኩሱን እንዲያደርሱ ከፈለች። ለፋርማሲዋ ልጅ ብርቱካን ገዛች። ለአውቶቡስ ጣቢያው ጠባቂ ትኩስ መጠጥ ገዛች።

«ምን ሆነሻል?» አለች ኦክቡን። «ጣሪያዬ ያፈስሳል እያልሽ…»

«ይኼ ከደመወዝ ውጭ የተሰጠኝ ነው። ይኼ ገንዘብ ቤት ማደር የለበትም።»

«ማን አለ?»

«እንደዚያ ነው የሚባለው። ብዪ አትጠይቂኝ።»

ኦክቡን ልትጠይቅ የፈለገችው ሌላ ነበር። ትሞቻለሽ ወይ? ልትል አፏ ላይ ደርሶ፣ የልጇን ቀጭን ጫማ ስታይ ሌላ ቃል ወጣት፤ «እግርሽ አይበርድሽም?» አለች።

«አይበርደኝም።»

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ሄዎን ፖስታው ውስጥ የቀረችውን አንዲት ቢጫ ኖት አውጥታ በእናቷ እጅ ጨመረች። «ቤት ሳትገቢ ለአዛውንቶች ቤት ብርቱካን ግዢበት። እማ፣ ሳትገቢ። ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ» አለች ኦክቡን።

አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ እጇን ከፍታ አየችው። ሃምሳ ሺህ ዎን ሙሉ ለብርቱካን? የመንደሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚውሉበት አዛውንቶች ቤት ብርቱካን ሞልቷል፤ አሮጊቶቹ ጥርስ ስለሌላቸው ከእሱ ሌላ አይበሉም። ቅዳሜ ገበያ ነው። ውስጡ ጠጉር ያለው የሴት ጫማ ስንት እንደሚሸጥ ታውቃለች። ኖቷን የፊደል ደብተሯ ውስጥ፣ የድራማው ሰዎች ስም የተጻፈበት ገጽ ላይ አስገባች፤ ደብተሩንም ትራሷ አጠገብ አድርጋ ተኛች።

ሐሙስ የሩዝ ኬኩ እንፋሎቱን እንደያዘ ደረሰ። መምህርት ኦም ትምህርቱን አቋረጠች። ሴቶቹ ካርቶኑን ከበቡ።

«የቢዮንግቾል እናት፣ ከየት ነው ይኼ ሁሉ?»

«ልጄ መጥታ ነው። ታናሺቱ። ከደመወዟ ውጭ ሰጥተዋት።» ኦክቡን መኩራቷን መደበቅ አልቻለችም። «ነጭ ፖስታ ሙሉ። ሳንቲም ይዛ አልመለስም ብላ ከተማውን ስታበላ ዋለች። ‹ይኼ ገንዘብ ቤት ማደር የለበትም› ትለኛለች።»

«እንደሷ ያለች ልጅ ምነው ለእኔም በተሰጠችኝ» አሉ እትዬ ቦንግኒም።

ፒልንዮ አፏ ሞልቶ ሣቀች። «ይኼማ የእኛን አዳራሽ አስታወሰኝ። አንዴ ፊልም ሊያነሱ ተከራይተውን ነበር። የሟቹን ፎቶ በጥቁር ጥብጣብ አስረው፣ አበባ ደርድረው ሰቀሉት። ሟች የተባለው ሰውዬ ከወጥ ቤቴ በር ላይ ቆሞ የራሱን ፎቶ እያየ የእኔን ሾርባ ይጠጣል። ሲጨርሱ አለቃቸው ነጭ ፖስታ ሰጠው። ምንድን ነው ስል፣ በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ በለቅሶ ወግ ሲሰቀል መጥፎ ዕድሉን የሚያነሳ ገንዘብ ነው፤ ለሰው ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ በዚያው ቀን ያልቃል አሉኝ። ሁላችንንም የሩዝ ጠላ አጠጣን። ገንዘቡ ቤት ማደር የለበትም፣ ካደረ ግን…»

እዚህ ላይ ቆመች። ያለችውን ራሷ ሰማችው።

«ካደረ ምን ይሆናል?» አሉ እትዬ ቦንግኒም።

«ምንም። ሰው ያወራል።»

ፒልንዮ ኬኳን ቀስ ብላ ዋጠች። ኦክቡንን አየቻት፤ ፊቷን፣ አገጯን፣ ከጆሮዋ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ። ሾርባ ሠሪዋም እዚያው ቦታ ላይ አንዲት ነጥብ አለቻት። ኦክቡን ሁለት እጇን ደብተሯ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ነፋስ ይወስደው ይመስል ተጭናዋለች።

«ስሙኝማ» አለች ፒልንዮ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሾርባ ሠሪዋ አይደለችም። ሐኪሙ ነው።»

«ሰኞ ዕለት እኮ አልቆላታል ብለሽ ነበር።»

«ሰኞ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ። ሐኪሙ ሲያስለው አላያችሁም?»

«ማን አመድ ውስጥ ኖሮ የማያስለው አለ?»

«የሱ ሳል ይለያል» አለች ፒልንዮ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ይህ በክፍሉ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም።

በእረፍት ኦክቡን ኮሪደሩ ላይ፣ ከውኃ ማጣሪያው አጠገብ ጠበቀቻት። ደብተሯን ከፈተች። ቢጫዋ ኖት ከስሞቹ መካከል ተኝታለች።

«አድሯል» አለች።

ፒልንዮ ኖቷን አልነካችም። «ሁሉም?»

«ይኼ ብቻ። ጫማ ልገዛላት ብዬ። ጫማዋ ስስ ነው።»

«ሾርባ ሠሪዋ ልጅሽ ናት።»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ፈርማለች።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ለቅሶ ቤት ሠርቼ የስንቱን ቤት ነገር እንደዋጥኩ አታውቂም።»

«እንግዲህ ትሞታለች ማለት ነው።»

«ፎቶዋ ተሰቅሏል ማለት ነው» አለች ፒልንዮ። «ተቀርጾ አልቋል። አሁን በጣቢያው ገጽ ላይ ብትለምኚ፣ እኔም ምላሴን ብቆርጥ፣ የሚለወጥ ነገር የለም።»

ኦክቡን ይህን የኖቷን ያህል አልፈራችውም። «ሥራዋስ እሺ። ሥራ ይጠፋል፣ ይገኛል። ይኼ ግን… መጥፎ ዕድሉን ነው ትራሴ አጠገብ ያሳደርኩት። የልጄን።»

ሌላ ሰው ቢሆን ተረት ነው ተይው ይላት ነበር። ፒልንዮ ግን እንደ ሙያተኛ አሰበችበት። ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች።

«ያደረ ገንዘብ ብዙ አፍ ይፈልጋል» አለች በመጨረሻ። «ብርቱካን አይበቃውም። ነገ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ የደረቀ የጫካ ቅጠል፣ ቃሪያ ትገዢበታለሽ። እኔ እሠራለሁ። እሑድ ድራማውን ስናይ መንደሩ ሁሉ ይብላ። የሚተርፍ ሾርባ ሊኖር አይገባም።»

«የለቅሶ ሾርባ ነው?»

«ቀዩን። ቀይ የሚሆነው ለምን መሰለሽ? ክፉ ነገር ቀይ አይወድም። እኔ የቀዳሁለት ለቀስተኛ መንገድ ላይ ወድቆ አያውቅም፤ የሰከረ ካልሆነ።»

ከሐሙስ እስከ እሑድ ኦክቡን ሄዎን ጋ ዘጠኝ ጊዜ ደወለች። መሰላል አትውጪ አለቻት። መንገድ ስትሻገሪ መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ በኋላም ሦስት ቁጠሪ አለቻት። የጋዙን ቧንቧ ዘግተሻል ወይ አለቻት።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም። ኮትሽን ቆልፊ።»

«ብርቱካኑን ገዛሽ አይደል?»

ኦክቡን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና መለሰችው። «እየተበላ ነው» አለች።

ሴቶቹ ድራማውን የሚያዩት እሑድ ከምሳ በኋላ ሲደገም ነው። ቅዳሜ ማታ ቀድሞ ያየ ሰው ለአንድ ወር ሰሌዳ ያጠፋል የሚል ሕግ አውጥተዋል። በዚያ እሑድ የአዛውንቶች ቤት ወለል ከሥሩ ባለው ማሞቂያ በደንብ ሞቆ ነበር። በወትሮው ስድስት ሰው ፈንታ ሠላሳ ገደማ ሆነው ገቡ፤ ፒልንዮ ጠዋት በመንደሩ ድምጽ ማጉያ አስነግራለች። ድስቱ ትልቅ፣ ሾርባው ቀይ፣ ቃሪያው የሚያስነጥስ ነበር። ፒልንዮ በር ላይ ቆማ እየቀዳች ማንንም ሳህኑን ሳይጨርስ አታሳልፍም።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ሾርባውን አይተው።

«ገና አላየነውም» አለች ፒልንዮ። «ይጠጡ።»

ድራማው ተጀመረ። በዋሻው አፍ ላይ ጥበቃ የሚያድር ሰው አለ፤ አመዱ በነፋስ እየተነሳ ነው፤ ማንም ምግብ ሊያደርስለት አልደፈረም። ሾርባ ሠሪዋ ኮቷን ደርባ፣ ድስቷን ታቅፋ ወጣች። በመንገዱ እኩሌታ አመዱ ዓይን እስኪያሳጣ መጣ። ኮቷን አወለቀች። ኦክቡን አፏን ትሸፍንበታለች ብላ ጠበቀች። ልጅቱ ግን ድስቱን ሸፈነችበት፤ ክዳኑን ይዛ ከአንድ የተገለበጠ ፉርጎ ሥር ተቀመጠች። ሲያገኟት እዚያው ናት። ሐኪሙ ኮቱን ገለጠ፤ ከሾርባው እንፋሎት ወጣ። ማንም አላለቀሰም፤ ጠባቂው ማንኪያ ጠይቆ በላ።

አዛውንቶች ቤት ውስጥ ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ አልነበረም።

ከዚያ ፎቶዋን ሰቀሉት። ከኮት ጠርዝ የተቀደደ ጥቁር ጨርቅ በሁለት ማዕዘኑ ታስሮበታል። ፎቶው ሄዎን የዛሬ ስምንት ዓመት አፕል ለቀማ ልታግዝ መጥታ ማሳው ውስጥ ስትሥቅ የተነሳችው ነው፤ ያነሳት ቢዮንግቾል ነው፤ ከጀርባዋ የሚታየው መሰላል የኦክቡን ነው። ፒልንዮ ጭልፋዋን አስቀምጣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ኦክቡን ዓይኗን ልትጨፍን ፈልጋ አልጨፈነችም። ፎቶውን ስታየው ቆየች። ሣቋ የልጇ ነው፤ ጥቁሩ ጨርቅ የልጇ አይደለም። እንዲህ ለያይታ እስከ መጨረሻው አየችው።

ስሞቹ ሽቅብ መሮጥ ጀመሩ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ማን ቀድሞ ያነባል ብለው ወደ ስክሪኑ ተሳቡ።

«ፕዮ ሄዎን» አለች ኦክቡን፣ ከሁሉም ቀድማ። ከዚያ፣ አሁን የሚደበቅ ነገር ስለሌለ፣ «ልጄ ናት» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እትዬ ቦንግኒም ሳህናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የትኛዋ?»

«አሁን የሞተችው።»

እትዬ ቦንግኒም ጥቂት አሰቡ። «ድስት አያያዝ ታውቅበታለች» አሉ። «ከእጇ አልተንሸራተተም።» ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ ሾርባ ጠየቁ። ሳይመሽ ድስቱ ባዶ ሆነ፤ ፒልንዮ ግርጌውን በሩዝ ጠርጋ የመጨረሻውን ጉርሻ ኦክቡን አፍ ውስጥ አስገባችው።

ሰኞ ጠዋት መምህርት ኦም የስሞቹ ወረቀት ፊት ቆመች። ፒልንዮ ቀዩን እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ይኼኛው በጥቁር ይቆይ» አለች። «ምን ቸገረን?»

ኦክቡን ተነሥታ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰደች። «የሞተችው ሾርባ ሠሪዋ ናት» አለች። «ልጄ ዛሬ ጠዋት ቁርስ በልታለች፤ ጠይቄያታለሁ።» በድራማው ውስጥ ባላት ስም፣ ሱንዶክ በሚለው ላይ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በቀይ ደገመችባቸው። መስመር አልሳተችም።

ከዚያ የዕለቱ ሥራ ደብዳቤ ሆነ። ለጣቢያው ገጽ ነው፤ ሴቶቹ በእጃቸው ይጽፋሉ፣ መምህርት ኦም ፎቶ አንስታ ትለጥፍላቸዋለች። ማንም አስነሡልን ብሎ አልጻፈም። እትዬ ቦንግኒም አንድ መስመር ጽፈው ጨረሱ፤ «ድስቱን አልጣለችም፣ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ እንደዚህ ያለ አላየሁም።» ፒልንዮ ገጹን ሞላችው። ሃያ ሁለት ዓመት ለለቀስተኛ ሾርባ እንደቀዳች፣ ብዙ ሟች እንደምታውቅ፣ ይህቺን ልጅ ዝም ብሎ ወደ ቤቷ የሚልክ ሰው ዓይን እንደሌለው ጻፈች። ኦክቡን ሁለት ሰዓት ፈጀባት። የጻፈችው ይህ ነበር፤ «ስሟን ለማንበብ ነው ፊደል የተማርኩት። ሌላ ሥራ ስጧት፤ እንዳነብ።»

ረቡዕ ሄዎን ደወለች።

«እማ፣ የሱማን እናት የምትባለው ማን ናት?»

«ፒልንዮ ናት። ምነው?»

«‹ዓይን የለውም› ያለችው ደራሲውን ነው አሉ። እሱ ራሱ አንብቦት ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። ያንቺንም አይቻለሁ።»

«ፊደሉ ተጣሟል።»

«አልተጣመመም። እማ፣ ለሥራ እስካሁን የደወለልኝ የለም። አንድ ሰው ፎቶሽን ላኪ ብሎኛል፣ እሱም ብቻ ነው።»

«የትኛውን ፎቶ?» አለች ኦክቡን ቶሎ።

«በሕይወት ያለሁበትን።» ሣቀች። «ቢዮንግቾል ደግሞ ከአዲሱ ዓመት በኋላ ሱቄ ግቢ እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

ኦክቡን ከአሥራ አራት ዓመት ጀምሮ የምትለውን ታውቀዋለች፤ አፏ ለምዶታል። ደብተሯን ከፍታ ቢጫዋ ኖት የነበረችበትን ገጽ አየች። ከስሞቹ በቀር ምንም የለም።

«አትግቢ» አለች። «ሴራሚኩ የትም አይሄድም። አፕሉ እስኪያብብ ጠብቂ፤ ካልመጣ እስኪለቀም ጠብቂ። እኔ እነግረዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ድምጽ ብቻ ተሰማ። ሄዎን መንገድ ዳር ቆማለች።

«አረንጓዴ ሆኗል?» አለች ኦክቡን።

«ሆኗል።»

«ሦስት ቁጠሪ።»

ልጅቱ ድምጿን አሰምታ ቆጠረችላትና ተሻገረች። ከዚያ፣ ልትዘጋ ስትል፣ «ያን ገንዘብ ግን በዕለቱ ጨረስሽው አይደል?» አለቻት።

«ጨረስነው» አለች ኦክቡን። «ሠላሳ ሰው በልቶለታል።»